የተሸሸገ ነገርና የአግኚው ዕዳ

አንድ ሰው ሌላው የሸሸገውን ነገር ባገኘ ጊዜ በነገሩ ላይ ምን መብት አለው፣ ለሸሸገው ሰውና ከእርሱ በኋላ ለሚመጣው ፈላጊስ ምን ዕዳ አለበት የሚለው ጥያቄ በቅዱሳት መጻሕፍትም ሆነ በፈላስፎች ክርክር ውስጥ ረጅም ዕድሜ አለው። ይህ ጥንታዊ ጥያቄ ባለፉት ሃያ አምስት ዓመታት ባልተጠበቀ በኩል፣ ይኸውም ጂኦካሺንግ በሚባል የመዝናኛ ጨዋታ በኩል፣ እንደ ገና ተነሥቷል። በጨዋታው አንዱ ተሳታፊ ውኃ የማያስገባ ዕቃ በደን ውስጥ፣ በቋጥኝ ሥር ወይም በከተማ አጥር ጥግ ይሸሽግና የቦታውን ኬክሮስና ኬንትሮስ፣ ማለትም ቦታው በምድር ገጽ ላይ የት እንደሚገኝ የሚወስኑትን ቁጥሮች፣ በይፋ ያስታውቃል፤ ሌላው ተሳታፊ የሳተላይት ምልክት በሚቀበል መሣሪያ ወይም በእጅ ስልኩ እየተመራ ወደ ቦታው ይደርስና ዕቃውን ፈልጎ ያገኛል፤ በውስጡ ባለው ትንሽ መዝገብ ላይ ስሙንና ቀኑን ከጻፈ በኋላም እንደ ነበረ አድርጎ መልሶ ይሸሽገዋል። በዚህ ጽሑፍ ዕቃው «ሽሽግ»፣ ያስቀመጠው ሰው «ሸሻጊ»፣ ፈልጎ የሚደርስበት ደግሞ «አግኚ» ይባላሉ።

ጨዋታው የተወለደበት ቀን በትክክል ይታወቃል። የአሜሪካ መንግሥት ለሲቪል ተጠቃሚዎች በሚለቀቀው የሳተላይት ምልክት ላይ ሆነ ብሎ ያስገባው የነበረውን ስሕተት እ.ኤ.አ. ሜይ 2 ቀን 2000 ሲያነሣ፣ እስከ መቶ ሜትር ድረስ ይሳሳት የነበረው መሣሪያ በጥቂት ሜትሮች ልዩነት ቦታን ለመጠቆም በቃ፤ በማግሥቱም ዴቭ አልመር የተባለ ሰው በኦሬገን ግዛት፣ ቢቨርክሪክ አቅራቢያ፣ አንድ ጥቁር ባልዲ በከፊል ቀብሮ ቁጥሩን አስታወቀ። በባልዲው ውስጥ መጻሕፍት፣ ጥቂት ገንዘብ፣ ወንጭፍ፣ አንድ ቆርቆሮ ባቄላም ነበሩበት፤ የተሰጠው ሕግም ያገኘ አንዳች ይውሰድ፣ የወሰደም አንዳች ይተካ የሚል ነበር። ከዚያ ወዲህ ሽሽጎቹ በዓለም ዙሪያ ከሦስት ሚሊዮን በላይ ሆነዋል፤ ሥርዓቱም ከብዛታቸው ጋር አድጎ፣ ዛሬ ያለ ባለ መሬቱ ፈቃድ መሬት ቆፍሮ መቅበርም፣ የዱር እንስሳትን የሚስብ ምግብ ማስቀመጥም የተከለከለ ነው። የመጀመሪያው ባልዲ በዛሬው ሥርዓት ቢመዘን ክልከላ የጣሰ ሆኖ ይገኛል። ይህ ግን በመሥራቹ ላይ የሚጣል ነቀፌታ አይደለም፤ ሥርዓት ሁልጊዜ ከጉዳት በኋላ የሚጻፍ መሆኑን ያስረዳል እንጂ።

የተሳታፊዎቹ ምሬት ብዙ ዓይነት ቢሆንም ሥሩ ቅርብ ለቅርብ ነው። ፈላጊው ረጅም መንገድ ተጉዞ ሲደርስ ሽሽጉ በቦታው የለም፤ ወይም አለ፣ ነገር ግን ክዳኑ ስላልገጠመ መዝገቡ በዝናብ ረጥቦ አይጻፍበትም። አንዱ የረባውን ዕቃ ወስዶ በምትኩ የጠርሙስ ቆርኪ ይተዋል፤ ሌላው «የተሻለ» ወደሚለው ቦታ ያዛውረዋል፤ ሌላው ደግሞ ከቤቱ ሳይወጣ በጨዋታው ድረ ገጽ ላይ እንዳገኘ አድርጎ ይመዘግባል። ከሽሽግ ወደ ሽሽግ እየተላለፉ አገር ለአገር እንዲዞሩ ቁጥር የተሰጣቸው ተጓዥ ዕቃዎች አሉ፤ እነዚህን አግኚው ይዞ እንዲያሻግራቸው አደራ ቢጣልበትም ብዙዎቹ በአንድ ሰው መሳቢያ ውስጥ ጉዟቸውን ይጨርሳሉ። በሸሻጊው በኩልም ቁጥሩን አሳስቶ የሚያስታውቅ፣ ለእረፍት በሄደበት አገር ሽሽግ ትቶ ዳግመኛ የማይመለስበት፣ የባለ መሬቱን ፈቃድ ሳይጠይቅ አጥሩን የሚያስደፍር አይጠፋም።

እነዚህ ጥፋቶች ሁሉ የሚፈጸሙት ምስክር በሌለበት ነው። አግኚው በገደሉ ጥግ ብቻውን ነው፤ ሸሻጊው ሩቅ ነው፤ ተከታዩ ፈላጊ ገና አልመጣም፤ የዕቃውም ዋጋ ከክስ ማመልከቻ ወረቀት ያንሳል። ፖሊስም ዳኛም የማይደርስበት እንዲህ ያለ ቦታ ሥነ ምግባርን ለሚመረምር ሰው ታላቅ ነገር ነው፤ ምክንያቱም ፕላቶን «ፖሊቴያ» በተባለው መጽሐፉ ሁለተኛ ክፍል ያነሣው ችግር ይኸው ራሱ ነውና። በዚያ ክፍል ግላውኮን የተባለው ተናጋሪ አንድ የልድያ እረኛ ከመሬት መንቀጥቀጥ በኋላ በተሰነጠቀ ምድር ውስጥ ወርዶ፣ በነሐስ ፈረስ ውስጥ ከተኛ ሬሳ ጣት የወርቅ ቀለበት እንዳወለቀ፣ ቀለበቱም ከሰው ዓይን ስለ ሰወረው ንግሥቲቱን አባልጎ ንጉሡን ገድሎ መንግሥቱን እንደ ያዘ ይተርካል። የአንባቢው ዓይን በቀለበቱ ኃይል ላይ ስለሚያርፍ፣ የእረኛው የመጀመሪያ በደል ግን ገና ሳይሰወር የፈጸመው መሆኑን በቀላሉ ያልፈዋል፤ በደሉ የእርሱ ያልሆነውን፣ ከምድር በታች የተኛውን ነገር ማን እንዳኖረው ሳይጠይቅ መውሰዱ ነው። ግድያው የተወለደው ከዚያ ዝምተኛ መውሰድ ነው።

ለግላውኮን ችግር የሃይማኖት ሰው መልስ ዝግጁ ነው፤ በመዝሙር 138 እንደ ተዘመረው ከእግዚአብሔር ፊት የሚሸሸግ ስፍራ የለም፣ ስለዚህም ምስክር የሌለበት ገደል የለም። መልሱ እውነት ነው፤ ነገር ግን ብቻውን ከቆመ ጎዶሎ ይሆናል፤ ስለ ታየ ብቻ እጁን የሚሰበስብ ሰው ባልታየ ጊዜ እረኛውን ከመምሰል አላመለጠምና። ቅዱሳት መጻሕፍት ራሳቸው ከዚህ አልፈው ይሄዳሉ። ኦሪት ዘዳግም በምዕራፍ 22 መግቢያ የጠፋ በሬን ያገኘ ሰው አይቶ እንዳላየ እንዳያልፍ፣ ባለቤቱ እስኪፈልገው ድረስ በቤቱ ጠብቆ እንዲመልስለት ሲያዝ፣ ትእዛዙ የሚያቆመው አግኚውን በተመልካች ፊት ሳይሆን በወንድም ፊት ነው። ያ ወንድም በዚያ ሰዓት በቦታው የለም፤ ግን ይመጣል። የሽሽግ ሥነ ምግባርም የሚቆመው በዚህ በሚመጣው ሰው ላይ ነው።

ይሁን እንጂ አግኚው ለማን ምን ዕዳ እንዳለበት ለማወቅ ያገኘው ነገር ምን ዓይነት ስውር እንደሆነ አስቀድሞ መለየት ይኖርበታል። ከሰው ዓይን የራቀ ነገር ሁሉ አንድ አይደለም። እንዲገኝ የተሸሸገ አለ፤ እንዳይገኝ የተሸሸገ አለ፤ ማንም ሳይሸሽገው የጠፋም አለ። የጨዋታው አብዛኛው ጠብና ቅሬታ፣ ከጨዋታው ውጭም ብዙ ከባድ በደል፣ የሚመነጨው እነዚህን ሦስቱን ከማደባለቅ ነው።

እንዲገኝ የተሸሸገውን በተመለከተ የአማርኛ ተናጋሪ ሕዝብ ከማንም የሚማረው ብዙ የለውም። በማታ እሳት ዙሪያ የሚጫወቱት የእንቆቅልሽ ጨዋታ እውቀትን እንዲገኝ አድርጎ የመሸሸግ ጥበብ ነው፤ ሥርዓቱም ከፍ ያለ ነው። ጠያቂው «እንቆቅልህ» ሲል ተጠያቂው «ምን አውቅልህ» ይላል፤ ሞክሮ ካቃተው ተሸንፌአለሁ ማለት ብቻውን አይበቃም፣ «አገር ስጠኝ» ሲባል አገር ይሰጣል፤ ጠያቂውም የተሰጠውን አገር ገዝቶና ተሳልቆ ሲያበቃ መልሱን ይገልጣል። የሽንፈቱ ዋጋ በይፋ ይከፈላል፤ መልሱ ላይ ያልደረሰው ሰውም ባዶውን አይሄድም። በጂኦካሺንግ ሥርዓት ውስጥ ከዚህ ጋር የሚመሳሰል ግዴታ አለ፤ ፈልጎ ያጣ ሰው ማጣቱን በድረ ገጹ ላይ እንዲመዘግብ ይጠየቃል፣ ምክንያቱም ሸሻጊው ዕቃው ጠፍቶ እንደሆነ የሚያውቀው በዚያ መዝገብ ነው። ብዙዎች ግን ማጣትን እንደ ውርደት ስለሚቆጥሩት ዝም ይላሉ፤ በዝምታቸውም ከእነርሱ በኋላ የሚመጡት ሰዎች ባዶ ጉድጓድ ሲበረብሩ ይውላሉ። አገር ሰጥቶ መልስ የሚቀበለው የመንደር ልጅ በዚህ ነገር ከእነርሱ ይበልጣል።

የጎጃም የቅኔ ጉባኤ ይህንኑ ጥበብ ወደ ላይ አውጥቶታል። በዋሸራ፣ በጎንጅ፣ በዲማ፣ በምሥራቅ ጎጃም በደብረ ኤልያስና በሌሎችም አድባራት ለዘመናት ሲሰጥ የኖረው የቅኔ ትምህርት፣ ባለ ቅኔው የላዩን ንግግር ሰም፣ የውስጡን ምሥጢር ወርቅ አድርጎ እንዲያዋቅር፣ ሰሚውም ከላዩ ተነሥቶ ወደ ውስጡ እንዲደርስ የሚያሠለጥን ነው። በዚህ ሥርዓት ውስጥ ለአሁኑ ጥያቄ የሚጠቅሙ ሁለት ነገሮች አሉ። የመጀመሪያው ወርቁን ያገኘ ሰሚ ወርቁን ይዞ የማይሄድ መሆኑ ነው፤ ምሥጢሩ ለሁለተኛውና ለሦስተኛው ሰሚ እንደ ነበረ ይቆያል፣ የአግኚው ድርሻም ደስታውና «ይበል» ብሎ የሚሰጠው ምስክርነት ነው። ሁለተኛው ደግሞ የሌላውን ቅኔ እንደ ራሱ አድርጎ ማቅረብ በጉባኤው ዘንድ ትልቅ ነውር መሆኑ ነው። ሳያገኝ አገኘሁ ብሎ የሚመዘግበው ተጫዋች የሚሠራው በደል ከዚህ የተለየ አይደለም፤ የማያውቀውን ሰው የሚያሞኝ ይመስለዋል፣ ነገር ግን የማግኘትን ክብር ለሁሉም ያረክሳል። በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት ቅኔ በጉባኤ ፊት የሚፈታ፣ ሽሽግ ግን በብቸኝነት የሚገኝ መሆኑ ነው፤ በትንሿ ሣጥን ውስጥ የተቀመጠው መዝገብ በአንድ ቦታ ሊሰበሰብ የማይችለውን ጉባኤ ይተካል፤ የረጠበና የተቀደደ መዝገብም የሚያሳዝነው ስለዚህ ነው።

እንዳይገኝ የተሸሸገው ነገር ሕግ ከዚህ ፈጽሞ የተለየ ነው፤ በጎጃምና በጣና ዙሪያ ባሉ ገዳማት ታሪክ ውስጥም ሰፊ ቦታ አለው። የኢማም አሕመድ ኢብራሂም ጦር እ.ኤ.አ. ከ1529 እስከ 1543 ደጋውን ባጠቃ ጊዜ፣ እቴጌ እሌኒ ያሠሯት መርጡለ ማርያም ከተዘረፉትና ከተቃጠሉት አብያተ ክርስቲያናት አንዷ ስትሆን፣ ካህናትም ታቦታትንና መጻሕፍትን ወደ ዋሻና ወደ ደሴት እየወሰዱ ያኖሩ ነበር። ታቦተ ጽዮን ወደ አክሱም ከመግባቷ በፊት በጣና ቂርቆስ እንደ ቆየች፣ በዮዲት ጉዲት ዘመንም ከአክሱም ወደ ዝዋይ ደሴት እንደ ተወሰደች የሚነገሩት ትውፊቶች የሚያሳዩት በኢትዮጵያ ቤተ ክርስቲያን ዘንድ መሸሸግ የጠባቂነት አንዱ ክፍል መሆኑን ነው። ከዕቃ አልፎ ሰውም ይሸሸጋል፤ በየገዳማቱ በረሃ ከሰው ዓይን ተሰውረው የሚኖሩ ስውራን ቅዱሳን እንዳሉ ይታመናል፤ በአጋጣሚ ያያቸው ሰው ያየበትን ቦታ እንዳያወራ የሚጠበቀውም ጸሎታቸውን በሕዝብ ግርግር ላለማወክ ነው። እዚህ ላይ የአግኚው ዕዳ ዝምታ ነው። ያላኖረውን ሊያነሣው ቀርቶ፣ አየሁት ማለቱ ራሱ በደል ይሆናል።

ይህ ዝምታ ዛሬ ከቀድሞው ይበልጥ ከባድ ሆኗል። የእጅ ስልክ ፎቶግራፍ ሲያነሣ የቦታውን ቁጥር ከምስሉ ጋር አብሮ ሊመዘግብ ስለሚችል፣ አንድ ጎብኚ በዋሻ ገዳም ያየውን የብራና መጽሐፍ ምስል በቅን ልቡና ሲያሠራጭ ለቅርስ ሌባ አድራሻ ሊሰጥ ይችላል። በጨዋታው ቁጥር ስጦታ ነው፤ በገዳሙ ደጅ ግን ያው ቁጥር አደጋ ነው። የቴክኒክ እውቀት ብቻ ያለው ፈላጊ ይህንን ልዩነት አያይም፤ መሣሪያው ሁለቱንም ቦታ በእኩል ትክክለኛነት ያሳየዋልና።

ሦስተኛው ዓይነት የጠፋ ነገር ነው፤ ስለ እርሱ ሃይማኖቶችና ሕጎች በሚያስደንቅ ሁኔታ ተቀራራቢ ድምፅ አላቸው። ኦሪት ዘሌዋውያን የጠፋ ነገር አግኝቶ የካደውን ሰው ከቀማኛ ጋር ይቆጥረዋል፤ የአይሁድ ሊቃውንት በታልሙድ «ባባ መጺዓ» ክፍል አግኚው የትኛውን ማስታወቅ፣ የትኛውን መያዝ እንደሚችል በዝርዝር ይከራከራሉ፤ የእስልምና ሕግ አንድን የወደቀ ዕቃ ያገኘ ሰው ምልክቱን ይዞ አንድ ዓመት እንዲያስታውቅ ያዛል። የ1952 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ፍትሐ ብሔር ሕግም ከሃምሳ ዓመት ላላነሰ ጊዜ ተቀብሮ የቆየና ባለቤቱ የማይታወቅ ሀብት ለተቀበረበት ነገር ባለቤት እንዲሆን፣ አግኚው ደግሞ የዋጋውን ግማሽ እንዲያገኝ ሲወስን፣ ማግኘት ዋጋ ያለው ድካም እንጂ ሙሉ ባለቤትነት አለመሆኑን ተቀብሏል። የቅርስ ጥናትና አጠባበቅ አዋጅ ቁጥር 209/1992 ደግሞ በአጋጣሚ ቅርስ ያገኘ ሰው ወዲያውኑ እንዲያሳውቅና እስኪረከቡት ድረስ ሳይነካካ እንዲጠብቅ ያስገድዳል። 

በዚህ ስውሩን ነገር በሦስት በሚከፍል መለያ ላይ ከባድ ተቃውሞ ሊነሣ ይችላል። እንዳይገኝ የተሸሸገውን አለመንካት ሕግ ከሆነ፣ ንግሥት እሌኒ (መርጡለ ማርያምን ካሠሩት እቴጌ የተለየችው) የክርስቶስን መስቀል ፈልጋ ማውጣቷ ስለ ምን የተመሰገነ ሆነ? በኢትዮጵያ ቤተ ክርስቲያን ትውፊት መስቀሉ ለዘመናት ጥራጊ ሲደፋበት ከኖረ ኮረብታ ሥር ተቀብሮ ነበር፤ ኪራኮስ የተባለው ሽማግሌ ፍንጩን ሰጣት፣ የዕጣኑም ጢስ ቦታውን አመለከታት፤ ቁፋሮው መስከረም 17 ቀን ተጀምሮ መጋቢት 10 ቀን መስቀሉ ተገኘ። የሸሸጉት ሰዎች እንዲገኝ አልፈለጉም ነበር። እንግዲህ የሸሻጊው ሐሳብ ብቻውን ወሳኝ እንዳልሆነ መቀበል ያስፈልጋል፤ የሸሻጊው መብትም መመርመር አለበት። ባለ አደራ የሸሸገውን መግለጥ ክህደት ሲሆን፣ ቀማኛ የሸሸገውን መግለጥ ግን ፍትሕ ነው። ታሪኩ ከዚህም ሌላ አንድ ነገር ይጨምራል፤ እሌኒ ያገኘችውን በግምጃ ቤቷ አልቆለፈችውም፣ ቤተ መቅደስ አሠርታ ለምእመናን ሁሉ አደረገችው እንጂ።

ለዚህ ቅርብ የሆነ የዘመናችን ምሳሌ አለ። የእንግሊዝ ጦር በ1860 ዓ.ም. ከመቅደላ ከዘረፋቸው ታቦታት አንዱ በኤድንብራ ከተማ በሚገኘው የቅዱስ ዮሐንስ ኤጲስቆጶሳዊ ቤተ ክርስቲያን ቁም ሣጥን ውስጥ ተረስቶ ነበር፤ ቄስ ጆን መክላኪ እ.ኤ.አ. በ2001 አገኙት፤ ምንነቱን ሲረዱም ለኢትዮጵያ ቤተ ክርስቲያን እንዲመለስ አደረጉ፣ በ1994 ዓ.ም. አዲስ አበባ ሲገባም ሕዝቡ በእልልታ ተቀበለው። ቄሱ ያገኙት ዕቃ በቤተ ክርስቲያናቸው ነበረ፤ የጠየቃቸው አልነበረም፤ ዝም ቢሉ የሚያውቅባቸው አይኖርም ነበር። የልድያው እረኛ የነበረበት ቦታ ላይ ቆመው የእረኛውን ተቃራኒ ሠሩ። የግላውኮን ጥርጥር በክርክር ብቻ የሚመለስ ለመሰለው አንባቢ፣ ይህ ድርጊት የበለጠ ጠንካራ መልስ ነው።

በማቴዎስ ወንጌል ምዕራፍ 13 ቁጥር 44 ላይ ያለው አጭር ምሳሌም በዚህ ብርሃን ሊታይ ይገባዋል። በእርሻ ውስጥ የተሰወረ መዝገብ፣ ማለትም የተከማቸ ሀብት፣ ያገኘው ሰው መልሶ ሸሸገው፤ ከደስታው የተነሣ ሄዶ ያለውን ሁሉ ሸጠና ያን እርሻ ገዛ። ምሳሌው ስለ መንግሥተ ሰማያት ዋጋ የተነገረ እንጂ የንብረት ሕግ አይደለም፤ ቢሆንም የሰውየው አካሄድ ልብ ሊባል ይገባዋል። እርሻው ሳይሆንለት መዝገቡን አላወጣም። ማግኘቱ የመውሰድን መብት እንዳልሰጠው ያውቅ ነበር፤ ስለዚህ በመጀመሪያ ከፈለ፣ የከፈለውም ያለውን ሁሉ ነው። ሻጩ መዝገቡን ባለማወቁ ተጎድቷል ወይስ አልተጎዳም የሚለው ጥያቄ አንባቢን ያስጨንቃል፤ ተገቢ ጭንቀትም ነው፤ ለምሳሌው ዓላማ ግን የሚያስፈልገው ነጥብ ማግኘትና መያዝ ሁለት የተለያዩ ነገሮች መሆናቸው፣ በመካከላቸውም ዋጋ መኖሩ ነው።

እስካሁን የተባለው ሁሉ በአግኚው ላይ ያረፈ ነው፤ ፍትሕ ግን የሸሻጊውንም ዕዳ መጠየቅ አለበት፤ እርሱም በተለምዶ ከሚታሰበው ይከብዳል። ሌላውን ሰው እንዲፈልግ የሚጋብዝ ሰው ጊዜውን፣ ጉልበቱን፣ አንዳንድ ጊዜም ሕይወቱን በእጁ ይይዛል። ስለዚህ ቁጥሩ እውነተኛ፣ ቦታው ገደል የማያስገባ፣ ዕቃውም የሚጠበቅ መሆን አለበት፤ መልስ የሌለው እንቆቅልሽ የሚጠይቅ ልጅ በመንደሩ ጨዋታ እንደ አታላይ እንደሚቆጠር ሁሉ፣ የጠፋ ሽሽጉን ሳይሰርዝ ሰው የሚያመላልስ ሸሻጊም ከዚያ የተሻለ ስም አይገባውም። የጨዋታው ሥርዓት ሁለት ሽሽጎች ቢያንስ በ161 ሜትር እንዲራራቁ፣ ሸሻጊውም እየተመላለሰ ሊጠብቀው በማይችልበት አገር እንዳያስቀምጥ የሚያዘው ይህን ዕዳ በመረዳት ነው።

ከሁሉ የከበደው የሸሻጊ ዕዳ ግን ጨዋታውን ለማያውቅ ሰው ያለበት ነው። ተሳታፊዎች እንዲህ ያለው ሰው ሽሽጉን ሲያነሣባቸው እንደ ተዘረፉ ሆነው ያማርራሉ። ቅሬታው ፍትሐዊ አይደለም። በግጦሽ መሬት ላይ የታሸገ ሣጥን ያገኘ እረኛ ጨዋታ አላገኘም፤ ያገኘው የጠፋ ዕቃ፣ ወይም ቆሻሻ፣ ወይም የሚያስፈራ ነገር ነው። በጎጃም ገጠር ከዛፍ ሥር የተቋጠረ ወይም የተቀበረ እንግዳ ነገር መተት ነው ተብሎ ቤተሰብን ከጎረቤት ሊያጣላ ይችላል፤ በከተማም ቢሆን የከፋ ይመጣል፤ እ.ኤ.አ. በ2011 በእንግሊዝ አገር ዌዘርቢ በተባለች ከተማ መንገድ ዳር የተሸሸገ ትንሽ ሣጥን ፈንጂ መስሎ አካባቢው ተዘግቶ በባለሙያ እንዲፈነዳ ተደርጓል። ለአንዱ እንዲገኝ የተሸሸገው ለሌላው ስጋት ከሆነ፣ ስጋቱን የፈጠረው አግኚው አይደለም።

ይህ ሁሉ ከደብረ ማርቆስ ወደ ደምበጫ በሚወስደው ዋና መንገድ ላይ ለምትገኘው ለማቻከል ወረዳ ከተማ፣ ለአማኑኤልና ለዙሪያዋ፣ ተጨባጭ ትርጉም አለው። አገሩ ለፈላጊ የተመቸ ይመስላል፤ በስተ ሰሜን ምሥራቅ ከ4000 ሜትር በላይ የሚወጣው የጮቄ ተራራ፣ ጅብራና አስታ የለበሰው ከፍታው፣ ለዓባይ የሚገብሩት ምንጮቹ፣ በየኮረብታው ላይ በወይራና በጽድ የተከበቡት አድባራት ሁሉ እግርን ይጋብዛሉ። ነገር ግን በዚህ አገር ባዶ መሬት የለም። ማሳው ባለ ይዞታ አለው፤ ግጦሹ የጋራ ነው፤ የቤተ ክርስቲያኑ ደን የደብሩ ነው፤ ምንጩም አንዳንዱ ጠበል ነው፣ ሰው ታሞ የሚጠመቅበት። ዛፉ ሳይቆረጥ የኖረው የተቀደሰ ስፍራ አካል ሆኖ ስለ ተጠበቀ ነው፤ በሥሩ ሣጥን መወተፍም ቅጥሩን እንደ መድፈር ይቆጠራል። በዚህ ላይ ከ2015 ዓ.ም. ማብቂያ ጀምሮ ክልሉ በጦር ግጭት ውስጥ ስለ ቆየ፣ የቦታ መጠቆሚያ መሣሪያ ይዞ በየጥሻው የሚጎነበስ እንግዳ ሰውም፣ ባለቤቱ ያልታወቀ የታሸገ ዕቃም የሰው ሕይወት ሊያስከፍል ይችላል።

ስለዚህ ለዚህ ደጋ የሚስማማው ሣጥን የሌለበት ዓይነት ብቻ ነው። የአሜሪካ የሥነ ምድር ማኅበር እ.ኤ.አ. በ2004 ያስጀመረው የጨዋታው ዘርፍ ምንም ዕቃ አያስቀምጥም፤ ፈላጊው ወደ አንድ ቋጥኝ፣ ፏፏቴ ወይም የእሳተ ገሞራ ድንጋይ ይሄድና ስለ አፈጣጠሩ የቀረቡለትን ጥያቄዎች በቦታው ተመልክቶ ይመልሳል፤ ይህም ቢሆን የባለ መሬቱን ፈቃድ ይጠይቃል። ጮቄ ራሱ የጥንት እሳተ ገሞራ ሥራ ስለ ሆነ ለዚህ ዓይነቱ ፍለጋ የተሰጠ መማሪያ ነው፤ መልሱ በድንጋዩ ውስጥ ይኖራል፣ ማንም አይወስደውም፣ እረኛውንም አያስፈራውም፤ እንዲያውም ፈላጊውን የሚያስተምረው እርሱ ይሆናል፣ የቦታውን ስምና ታሪክ የሚያውቀው እርሱ ነውና። አገሩ ሰላም በሆነና መንገዱ በተከፈተ ጊዜ ይህን ለመጀመር የሚያስቡ መምህራንና ወጣቶች ከሁሉ አስቀድመው ባለ ይዞታውን፣ የቀበሌውን አስተዳደርና የደብሩን ሰበካ ጉባኤ ይጠይቁ፤ በጠበልና በገዳም አጠገብ ያለውን ቦታ ሁሉ ሳይጠይቁም ይተዉት፤ ፈቃድ ከተነፈጋቸውም የቦታውን ቁጥር ከመዝገባቸው ሰርዘው ለማንም አያስተላልፉት።